«በድንገት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁ የኖሩት አስተርጓሚ

ሥራችሁን አቋርጣችሁ፣ መንገዱ ሳይከብዳችሁ ልትሸኟቸው የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦችና ተማሪዎች ሁሉ፤ እኅታችን፣ እናታችንና መምህራችን የነበሩት ሴት በዚህ ዓለም የቆዩባቸው ስልሳ ሰባት ዓመታት ባጭሩ እንዲህ ነበሩ።

ከማኅተም ቀራጭ አባታቸውና ከስልክ ኦፕሬተር እናታቸው ከአራት ልጆች ሦስተኛ ሆነው ተወለዱ። ነገር መጠየቅ የጀመሩት ጥርሳቸውን ሳይነቅሉ ነው ይባላል። እናታቸው ከሥራ ሲመለሱ መስመሩ በድንገት እየተቋረጠ እንዳስቸገራቸው ሲያወሩ፣ የስድስት ዓመቷ ልጅ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ብለው፣ «እማዬ፣ ድንገት ስንት ደቂቃ ነው?» ብለው መጠየቃቸውን ታላቅ እኅታቸው ዛሬም እየሳቁ ይናገራሉ። እናትየው «እኔ እንጃ ልጄ፣ ስትደርሺበት ታውቂዋለሽ» ብለው አለፉት። ልጅቱ ግን አላለፉትም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከፍተኛ ውጤት አጠናቀው በኮሌጅ እንግሊዝኛ ያጠኑ ሲሆን፣ ቀጥሎም ባገኙት የትምህርት ዕድል በጃፓን ሁለት ዓመት ጃፓንኛ ተምረው ሲመለሱ በአንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ በአስተርጓሚነት ተቀጠሩ። ቀኑን ሙሉ ከፋብሪካው ጃፓናዊ መሐንዲስ ጎን ቆመው፣ ቃሉን ከአፉ ተቀብለው ለሠራተኛው የሚያደርሱ፣ የሠራተኛውንም ጥያቄ ሳያጎድሉ የሚመልሱ፣ በሁሉም ዘንድ የተወደዱ ነበሩ።

ሥራ በገቡ በአራተኛው ዓመት አዲስ ቦይለር ተተከለ። መሐንዲሱ የእንፋሎቱን ቫልቭ እያሳየ በአገሩ ቋንቋ «ኢኪናሪ» አትክፈቱት አለ። እሳቸውም «በድንገት እንዳትከፍቱት» ብለው ተረጎሙ። ከሦስት ቀን በኋላ አንድ የቦይለር ሠራተኛ ቫልቩን አስቦበት፣ አውቆ፣ ሁለት እጁን አሳርፎ ከፈተው። በቧንቧው ውስጥ የተኛው ውሃ አስቀድሞ አልወጣም ነበርና መገጣጠሚያው ፈንድቶ እንፋሎቱ የሠራተኛውን ግራ እጅ ላጠው። ያ ሠራተኛ ይህን ጽሑፍ የማነብላችሁ እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ሆስፒታል ሊጠይቁኝ መጡ። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ቆዩና ደብተር አወጡ። «ወንድሜ፣ በድንገት አትክፈት ስልህ ምን ሰማህ?» አሉኝ። እኔም በንዴት፣ «ሳታውቀው ነክተኸው እንዳይከፈት ያሉኝ መስሎኛል! እኔ ደግሞ አውቄ ነው የከፈትኩት!» አልኳቸው። ጻፉት። እጄ ተቃጥሎ እኔ ስቃትት እሳቸው ቃል ይለቅማሉ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ይህን ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው እያፈርኩ ነው።

የደኅንነት ኮሚቴው በተሰበሰበ ጊዜ «የሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ቃለ ጉባኤ ተዘጋጅቶ፣ የእኔ መባረር ፊርማ ብቻ ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ሳይጠሩ ገብተው፣ «ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የአፌ ነው» አሉ። ሥራ አስኪያጁ፣ «በአንድ ቃል ምክንያት ነው ይኼ ሁሉ?» ብለው ቢስቁ፣ እሳቸው ዘበኛውን፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋንና የሥራ አስኪያጁን ሾፌር አስጠርተው፣ «በድንገት አትክፈት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለየብቻቸው እንዲጽፉ ጠየቁ። ዘበኛው «በፍጥነት» ብለው ጻፉ፤ ኃላፊዋ «ሳታስበው»፤ ሾፌሩ ደግሞ «ሳትናገር»። መሐንዲሱ ሦስቱ ወረቀቶች ሲተረጎሙለት፣ እሱ ሊል የፈለገው ከሦስቱ አንዱንም እንዳልሆነ ተናገረ። የእሱ ቃል መቅደም ያለበትን ሳያስቀድሙ፣ መግቢያውን ዘልሎ ዋናው ላይ መውደቅ ማለት ነበር። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ እሳቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀብለው ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ። በዓመቱም ለቀቁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ቃል ዳግመኛ ባልሰማሁት ይል ነበር፤ እሳቸው ግን ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ እንግሊዝኛና ጃፓንኛ ለሚማሩ ሰዎች በዚያው ቃል ማስተማር ጀመሩ። የመጀመሪያው ተማሪያቸው እኔ ነበርኩ። በር ሳያንኳኩ ገብተው፣ ሰላም ሳይሉ አንዷን ተማሪ «ታገቢኛለሽ?» ብለው ሲያስደነግጧት ያ «ኢኪናሪ» ነው። ጠርቶ የነበረ ሰማይ ሲጠቁር፣ ዝግ ብሎ ይሄድ የነበረ መኪና ሲፈተለክ «ኪዩኒ» ነው። ማንም ያልጠበቀው ነገር ከውጭ መጥቶ ሲከሰት «ቶትሱዜን» ይባላል። ደረጃ እየወጡ ሳለ የድሮ ጓደኛ ፊት ውል ሲል ግን «ፉቶ» ነው፤ ለእሱ የእኛው «ውል አለኝ» እንደሚበቃው ሲያገኙ ልጅ እንደወለደች ሴት ደስ አላቸው። የእንግሊዝኛው «ሰድንሊ» እንደ እኛው ሁሉን የሚይዝ ሰፊ ከረጢት መሆኑን፣ «አብረፕትሊ» ግን በመቀስ እንደተቆረጠ ክር መሆኑን ያስረዱ ነበር። «አውት ኦፍ ዘ ብሉ»፣ ማለትም «ከሰማያዊው ሰማይ» የሚለውንም ከዱብ ዕዳ ጋር አስተያይተው፣ «እነሱ ሰማዩን አይተዋል፤ እኛ የወደቀበትን ድምፅ ሰምተናል» ይሉ ነበር። ተማሪዎቻቸውም «እትዬ ድንገት» የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው፤ ሲጠሯቸው አቤት ይሉ ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኟቸው በከተማ አውቶቡስ ላይ ነው። የኋላ ባለቤታቸው የሆኑት ሾፌር ፍሬን ሲይዙ መንገደኛው ሁሉ ወደ ፊት ሲደፋ፣ እሳቸው ተነሥተው፣ «እንዲህ ያለውን ፍሬን እናንተ ምን ትሉታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሾፌሩም፣ «እመቤቴ፣ እኛ ያን ጊዜ የምንለው ለሴት ልጅ አይነገርም» አሏቸው። በዚያ ሳቅ ተጀምሮ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት በፍቅር ኖረው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው ለቁም ነገር አብቅተዋል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰበሰቡትንም ለተማሪዎች የሚሆን ስልሳ አራት ገጽ መጽሐፍ አድርገው አሳትመዋል፤ ስለ «ኢኪናሪ» በጻፉት ምዕራፍ ጥፋታቸውን ሳይሸሽጉ አስቀምጠውታል።

የኩላሊት ሕመም ሲያገኛቸው በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት እየተመላለሱ ሦስት ዓመት ታገሉ። ከአጠገባቸው ለተኛች ሴት ሳይቀር የጃፓንኛ ሰላምታ አስተምረዋል። ይህን ዜና ሕይወት እንደማነብ ሲያውቁም፣ «አደራህን፣ በድንገት ተለዩን እንዳትል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አስጠንቅቄያችኋለሁ» አሉኝ። አደራቸውን ጠብቄያለሁ።

ሆኖም ባለፈው ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ልጃቸው የትራስ ልብስ ስትቀይርላቸው እስትንፋሳቸው ሲቆም፣ ሐኪሙ የነገረንን ሁሉ እያወቅን፣ ሁላችንም ክው አልን። ከትራሳቸው ሥር በተገኘው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ «ሲጠበቅ ቆይቶ፣ ሲመጣ ግን የሚያስደነግጥ ነገር በምን ቃል ይነገራል?» ብለው ጽፈው፣ ከሥሩ ለሦስቱ ቋንቋዎች ሦስት ባዶ መስመር አስምረዋል። ዛሬ በዕድሜ የገፉትን መሐንዲስ በስልክ ጠየቅናቸው። «እኔም አላውቀውም» አሉን።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እኅታቸውንና ቁጥራቸውን በትክክል የማናውቃቸውን ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥ፤ የእሳቸውንም ነፍስ ጥያቄ ሁሉ መልሱን በሚያገኝበት ስፍራ ያሳርፍልን።