ማንን ላስቀምጥ?

ይህን የመሰለ ከባድ የሙያ ጉዳይ በሰው ፊት ለማንሳት በመድፈሬ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አየር ጤና ላለ የሠርግ አዳራሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ከላይ ሁለት ታብ፣ ማለትም ሁለት የገጽ መክፈቻ፣ አለው። «ምግብ» የሚለው የተጻፈበትን በራሱ ይይዛል፤ «ወንበር» የሚለው ግን «አስቀምጥ» የምትለዋን ቁልፍ ካልተጫኑለት ሁሉንም ይረሳል። ለምን ተለያዩ ብትሉኝ፣ ሁለቱን የሠራኋቸው በተለያየ ስሜት ነው።

የአዳራሹ ኃላፊ እትዬ ዘይነባ የሙሽራውን ቤተሰብ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ መድበው ወደ «ምግብ» ታብ አለፉ። በሠርጉ ቀን ፕሮግራሙ ጠረጴዛውን ባዶ ነው ስላለ አስተናጋጆቹ ለሙሽሪት ጎረቤቶች ሰጡት። የሙሽራው አባት ከነዘመዶቻቸው ቆመው ቀሩ።

«እትዬ፣ አስቀምጥ የሚለውን ለምን አልተጫኑትም?» አልኩ፣ በስልክ ተጠርቼ ስደርስ።

«አንተ ልጅ፣ ሰዎቹ ሳይመጡ ማንን ላስቀምጥ? ሲመጡማ ደጋግሜ ተጫንኩት፤ አንድም ሰው አልተቀመጠም!»

የሙሽራው አባት በበኩላቸው «አሁን ካልተቀመጥን ልጃችንን ይዘን ወደ አስኮ እንመለሳለን! የሚያስቀምጠን ማነው?» አሉ። እትዬ ዘይነባ በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ከጓሮ ወንበር እየተሸከምኩ ሁሉንም በእጄ አስቀመጥኳቸው።

አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳትነግሩ። ሆዳችሁ ውስጥ አስቀምጡት፤ በራሱ አይቀመጥም።