እናቱን ያላወቀ በር

(ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፤ አዲስ አበባ፣ ከአንድ አዲስ ሕንጻ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ በተዘጋ በር ፊት። ከማዘጋጃ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጡት ወይዘሮ ዘርፌ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከሦስት ሳምንት በፊት «ከእኔ ጋ ትኖሪያለሽ» ብሎ ከደሴ ያመጣቸው ልጃቸው አንተነህ፣ የቤት ውስጥ ዲዛይነሩ፣ ሐዋሳ ሰንብቶ አሁን መድረሱ ነው።)

ወ/ሮ ዘርፌ፦ ክፈትልኝና ልብሴን ልሰብስብ። ማክሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ደሴዬ ነኝ።

አንተነህ፦ እማዬ፣ ገና ከመኪና መውረዴ ነው። ቢያንስ ሰላም በይኝ እንጂ።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ ሰላም ነው? ደህና ነህ? ክፈት።

አንተነህ፦ በር እንቢ አለኝ ብሎ ከተማ ጥሎ የሚሄድ ሰው አለ?

ወ/ሮ ዘርፌ፦ እንቢ ብቻ ቢለኝ ምን ነበረበት። በፈረንጅ አፍ ሰደበኝ እንጂ።

አንተነህ፦ ስድብ አይደለም። «እንደገና ሞክሪ» ነው የሚልሽ።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ አሥራ ሰባት ጊዜ ሞከርኩ። አውራ ጣቴን ሰጠሁት፣ ሌባ ጣቴን ሰጠሁት፣ መጨረሻ ላይ ክርኔንም አስነካሁት። ይኸ እኮ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ የመታሁበት ጣት ነው። ከንቲባ ሲሾም በዚህ፣ ከንቲባ ሲሻር በዚህ። ዛሬ በር ተነስቶ «አላውቅህም» ይለዋል።

አንተነህ፦ የጽሕፈት መኪናው ነዋ የጣትሽን መስመር የጨረሰው። ዕድሜም አለበት። በሩ ምን ያድርግ?

ወ/ሮ ዘርፌ፦ ጥፋቱ የኔ ጣት ሆነ በለኛ። ለመሆኑ ሐዋሳ ምን ልታስተምር ነበር የሄድከው?

አንተነህ፦ ሰውን… ሰውን ያማከለ ዲዛይን።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ በል ይኸው ሰው፣ ደረጃ ላይ ተቀምጣልሃለች።

አንተነህ፦ ቆይ፣ መጀመሪያስ ለምን ወጣሽ? ፍሪጁ ሙሉ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ሲናገሩት ይበራል።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ በአማርኛ ስናገረው መቼ ሰማኝና! ቧንቧህም እጄን አይቶ ደስ ሲለው ነው የሚፈስ። መብራትህ ደግሞ ዳዊቴን ስደግም ሰው የለም ብሎ ድርግም ይላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እጄን እያወዛወዝኩ ነው የጸለይኩት። እግዜር ራሱ «ይህቺ ሴትዮ ማንን ነው የምትጠራው?» ሳይል አይቀርም።

አንተነህ፦ እሱ ይስተካከላል። ለምን እንደወጣሽ ግን አልነገርሽኝም።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ ጠዋት ከታች ለቅሶ ሰማሁ። ለቅሶ እየሰሙ ቤት ይዋላል እንዴ?

አንተነህ፦ አዎ፣ 407 ናቸው። የሕንጻው ቴሌግራም ላይ አይቼ «ነፍስ ይማር» ብያለሁ።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ ስማቸው ማነው?

አንተነህ፦ 407… አራተኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌ።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ አቶ ገዛኸኝ ነው የሚባሉት። ቄሱ በቤት ቁጥር አልፈቷቸውም።

አንተነህ፦ የማታውቂያቸውን ሰው እንዴት አድርገሽ አለቀስሽ?

ወ/ሮ ዘርፌ፦ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ደግሞ ሳላለቅስ ብቀር ነበር የሚገርመው። ስገባ ሚስታቸው ወይዘሮ እልፍነሽና አንዲት የእህት ልጅ ብቻ ቁጭ ብለዋል። ስልኩ ግን በየደቂቃው ይጮኻል። መቶ ሰማንያ ሰው ነፍስ ይማር ብሏል አሉኝ። ድስት የሚጥድ አንድ ሰው ግን አልነበረም።

አንተነህ፦ ሰው ሥራ ላይ ነው እኮ እማዬ።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ በቅዳሜ? ይሁን። እኔ ጥቁር ነጠላዬን ላመጣ ወደዚህ ብመጣ በሩ አላስገባም አለኝ። የልጅቷን ነጠላ ተውሼ ቀብር ሄድኩ። ዘመዱ ሁሉ የሟች እህት መስዬው እኔን ያጽናናኝ ጀመር።

አንተነህ፦ አንቺስ ምን አልሽ?

ወ/ሮ ዘርፌ፦ ምን ልበል? ተጽናናሁ።

አንተነህ፦ በይ ፈቀቅ በይልኝ፣ ልክፈተው። ይኸውልሽ፣ ጣት እንዲህ ነው የሚቀመጠው። ቀስ ተብሎ።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ ምነው ዝም አለህ?

አንተነህ፦ ላብ ይሆናል።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ አንተ ደግሞ የት ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበርክ?

አንተነህ፦ ቆይ… ባትሪው አልቋል መሰለኝ። ባንቺ አሥራ ሰባት ሙከራ ነው የሞተው።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ አይ በር! ሳያስታውቅ እንዲህ ይሞታል?

አንተነህ፦ አስታውቋል። ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ መልእክት ልኮልኝ ነበር። መልእክት ሲበዛብኝ… አጠፋሁት።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ የብረት ቁልፍ የለውም?

አንተነህ፦ አለው።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ የት?

አንተነህ፦ መሳቢያ ውስጥ።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ መሳቢያው የት ነው?

አንተነህ፦ ከበሩ ጀርባ።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እሷስ ሰማይ ሆና ነው፤ የአንተ ግን ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ናት።

አንተነህ፦ ቆይ ለባለሙያው ልደውል… ሃሎ? አዎ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ነኝ… ሰኞ? ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው… እሺ። እሺ። ሰኞ ነው የሚመጣው እማዬ። ሆቴል እንሂድ።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ አንተ ሂድ። እኔ እስከ ሰኞ፣ እስከ ሣልስቱ ድረስ አራተኛ ፎቅ ነው የማድረው። ለቅሶ ቤት ባዶውን አያድርም፤ ለወይዘሮ እልፍነሽ ቃል ገብቻለሁ። ከዚያ ወደ አገሬ።

አንተነህ፦ ለማታውቂያቸው ሴትዮ ታድሪያለሽ፣ ለእኔ ግን አትቀሪም?

ወ/ሮ ዘርፌ፦ ደሴ ቤት ትቼ ነው የመጣሁት። እዚያ አንድ ጠዋት መስኮቴ ሳይከፈት ቢረፍድ፣ ጎረቤት «ዘርፌ፣ ምነው?» ብሎ በሬን ይገፋል። እዚህ አንተ ሐዋሳ ሆነህ ወድቄ ብቀር ማን ያውቃል?

አንተነህ፦ ለሱማ የእጅ ሰዓት የሚመስል መሣሪያ አለ። ስትወድቂ ወዲያው ስልኬ ላይ ይጠራል።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ ይጠራና? ከሐዋሳ እጅህን ዘርግተህ ታነሳኛለህ? ይባስ ብለህ መልእክት ሲበዛብህ ታጠፋኛለህ።

አንተነህ፦ እንዲህማ አትበይኝ።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ ተቀየምክ?

አንተነህ፦ አልተቀየምኩም። እማዬ፣ አትሂጂብኝ።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ ቤትህ እኮ አልተቀበለኝም ልጄ።

አንተነህ፦ ቤቱን ተይው። እዚህ ስኖር ሦስት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን በሬ ተንኳኩቶ አያውቅም። ማታ ስገባ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚለኝ ይኸ በር ነው። ድምፁን ራሴ ነኝ ከሃያ ድምፅ መርጬ ያስገባሁለት። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ነው ከሥራ ቶሎ መውጣት ያማረኝ። ብቸኝነት ገድሎኛል።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ ይህን ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?

አንተነህ፦ ታውቂዋለሽ ብዬ ነዋ።

ወ/ሮ ዘርፌ፦ በምን አውቃለሁ? ስለ መጋረጃው ስትነግረኝ ነው የሰነበትከው። በል ና፣ እንውረድ። ይመሽብናል።

አንተነህ፦ የት?

ወ/ሮ ዘርፌ፦ ሴቶቹ ቤት ውስጥ እናድራለን። ከቀብር መልስ የመጡት የሕንጻው ወንዶች ግቢው ውስጥ ድንኳኑ ስር ናቸው። ፍራሽ አይጠፋም።

አንተነህ፦ ድንኳን? እኔ? ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር?

ወ/ሮ ዘርፌ፦ በአንድ ሊፍት ሦስት ዓመት ስትወጡ ስትወርዱ ኖራችሁ የለ። ምን ቀራችሁ? መነጋገር ብቻ።

አንተነህ፦ ገብቼስ ምን እላለሁ?

ወ/ሮ ዘርፌ፦ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለህ ትቀመጣለህ። ከዚያ ሰው ሲያወራ ትሰማለህ። ካርታ አምጣ ካሉህ ታመጣለህ፤ ወንበር አቅርብ ካሉህ ታቀርባለህ። ሥልጠና አያስፈልገውም።

አንተነህ፦ እሺ፣ አደርኩ እንበል። ማክሰኞስ? ትቀሪልኛለሽ?

ወ/ሮ ዘርፌ፦ እሱ በእጅህ ነው። እኔ ስወድቅ ደርሶ የሚያነሳኝ አንድ ጎረቤት ከዚያ ድንኳን ይዘህልኝ ውጣ፤ ያኔ ደሴ ደውዬ «አትጠብቁኝ» እላለሁ።