በቁሜ የቀበረኝ ተሸላሚ ፊልም

(አያ ቸኮል በእንጅባራ አካባቢ ስማቸው የታወቀ ፈረሰኛ ናቸው። ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ለእኔና ለሁለት ጓደኞቼ ያጫወቱንን፣ ከአፋቸው እንደወጣ ጻፍኩት።)

በእኛ ጊዜማ፣ ጎረምሶች ሳለን፣ ፊልም የሚባል ነገር መኖሩንም አናውቅ። የሚያምር ነገር ማየት ያማረው ሰው ጉግስ ሜዳ ይወጣል። ጋላቢው ጎበዝ ከሆነ እልል ይባልለታል፣ ከወደቀ ይሳቅበታል፣ በቃ! ወድቆ አቧራውን የሚያራግፈውን ሰው «አወዳደቁ ጥልቅ ትርጉም አለው» የሚል አስተርጓሚ አልነበረም። አሁን ግን፣ አሁንማ በዓይንህ ያየኸውን «አላየኸውም፣ አልገባህም» ትባላለህ።

ታዲያ ፊልም ሠሪዎች ከአዲስ አበባ መጡና ፈረሴን፣ ቦራውን፣ አዩት። ቦራውን ታውቁታላችሁ፣ ግንባሩ ነጭ፣ የኋላ ግራ እግሩ ነጭ ካልሲ ያጠለቀ የሚመስል። አለቃቸው ጢሙን ያሳደገ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ ልጅ ነው፤ አነጋገሩ ትሑት ነው፣ አልዋሽም። «አባቴ፣ ፈረስዎን ለሁለት ቀን ያውሱን» አለኝ።

«ምን ልታደርጉት?»

«ሠርግ ነው የምንቀርጸው።»

ሠርግ ካለማ! ለሠርግ ፈረስ ይከለከላል እንዴ? ኮርቻውን ጭኜ፣ የጌጥ ልብሱን፣ ግላሱን፣ አልብሼ፣ አሳምሬ ሰጠሁት። እኔ ግን አጨዳ ይዞኝ አብሬ አልሄድኩም። ይኸ ጥፋቴ ነው፣ አልደብቅም። እና ፈረሴን መለሱልኝ፣ ዓመት አለፈ፣ ነገሩንም ረሳሁት።

እና አንድ እሁድ፣ ዳንግላ ያለችው እህቴ ጥሩዬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቷ ቤት ጎራ ትላለች። ቴሌቪዥን ተከፍቷል። ስለዚያ ፊልም ይወራል፤ ተሸለመ፣ ባሕር ማዶ ተጨበጨበለት፣ እንዲህ ያለ ፊልም በአገራችን ታይቶ አይታወቅም፣ እየተባለ። ታዲያ ወሬው መሐል ሥዕሉ መጣ። ምን አየች? ቦራውን! ኮርቻ ተጭኖ፣ ግላሱን ለብሶ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ አንድ ሰው በልጓሙ እየሳበው፣ ከኋላው ነጭ የለበሰ ሕዝብ ዝም ብሎ ሲከተለው።

(እዚህ ላይ ለማያውቅ ላስረዳ፦ በእኛ አገር የተጫነ ፈረስ ባዶውን በሕዝብ ፊት የሚሳበው ፈረሰኛው ሲሞት ነው። ለቅሶው ሜዳ ላይ «ጌታዬ የለም» እንደማለት ይቆጠራል።)

ጥሩዬ ታዲያ ምን ትበል? ቦራውን ከውርንጭላነቱ ታውቀዋለች። «ወንድሜን!» ብላ ወደቀች።

ጎረቤቲቱ «ኧረ እቴ፣ ፊልም ነው!» ትላታለች።

«ፊልሙን ተይኝ! ፈረሱ የወንድሜ ነው!»

ስልክ ደወሉ። የኛን ኔትወርክ ታውቁት የለ፣ ጉብታው ላይ ካልወጣህ አይሠራም። «ይኸው አይነሣም» አለች፣ «የሞተ ሰው እንዴት አድርጎ ያነሣል!» እና ተላጨች። ያን የመሰለ ፀጉሯን ተላጨች! ሚኒባስ ሙሉ ለቀስተኛ ይዛ፣ መንገድ ላይ ያለችውን አዲስ ቅዳምን ሳታልፍ ድምጿ ተዘግቶ፣ እንጅባራ ደረሰች።

እኔስ የት ነኝ? ይኸው እዚሁ፣ ደጃፌ ላይ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እያጠቀስኩ እበላለሁ። ዋይታ ሰማሁ። ሰው ሲያለቅስ ዝም አይባልም፤ ጋቢዬን አደገደግሁና እኔም «ወዮ፣ ወዮ» እያልኩ ወጣሁ። እያለቀስኩ ወጣሁ እላችኋለሁ! መንገዱ መሐል ተገናኘን። ጥሩዬ አየችኝና ቆመች።

«ወንድምዓለም?»

«እቴ፣ ማን ሞተብን?» አልኳት።

«አንተ!» አለችና ተዝለፈለፈች።

ሳቁ፣ እናንተም ሳቁ። ለቀስተኛውም ስቋል። እኔ ግን አልሳቅሁም። እህቴ ሦስት ቀን ሙሉ ተኛች። ዳንግላ ስትመለስ ደግሞ ገበያ በወጣች ቁጥር «ወንድሟ ሳይሞት የተላጨችው» ይሏታል፤ የጋሪ ነጂ ሁሉ መሳቂያ አደረጋት። እና ገበያ መውጣት ተወች። ጥሩዬ፣ ከገበያ ቀርታ የማታውቀው ጥሩዬ!

ታዲያ ጥቂት ቆይቶ ፊልሙ እንጅባራ አዳራሽ ይታያል፣ አለቃውም ይመጣል ተባለ። ጥሩዬ ሻሿን አስራ መጣች። «ውሰደኝ፣ ፀጉሬን የበላውን ነገር ልየው» አለችኝ። ሄድን። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያ ልጅ በሰው ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ የተሳሳትሁት፣ እሷ ያየችው ልክ ነው» እንዲል። ይችን ብቻ።

ፊልሙ ተጀመረ። ዝናብ ይዘንባል። አንድ ሰውዬ መስኮት ላይ ቆሞ ዝናቡን ያያል። እኛም ሰውዬው ዝናብ ሲያይ እናያለን። «መቼ ነው የሚናገረው?» ትለኛለች ጥሩዬ። «ዝናቡ ሲያባራ ይሆናል» እላታለሁ። አያባራም! የእንጅባራ ሰው እኮ ነን፣ ዝናብ ለማየት አዳራሽ እንገባለን? ከዚያ ሠርጉ መጣ። ሙሽራይቱ በእግሯ ትሄዳለች፣ ቦራው ባዶውን ይሳባል። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ውይ፣ ሙሽራው ሞቷል እንዴ?» አለች። ባሏ «ያውና ቆሞ ይስቃል!» አላት። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የተሸለመው በዚህች ቦታ ነው!

ሲያልቅ ፊት የተቀመጡት አጨበጨቡ፣ እኛም እነሱን አይተን አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ እጄ ይቆረጥ! ከዚያ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ተባለና ተነሣሁ።

«ልጄ፣ ለሠርግ ባዶ ፈረስ ሳብ ያለህ ማነው?»

«አባቴ፣ ባዶው ኮርቻ ምልክት ነው፤ የሙሽራይቱን ነፃነት ነው የሚያሳየው።»

«ለማን ነው የሚያሳየው?»

«ለተመልካች።»

«ተመልካቹ እኮ እኛ ነን!» አልሁት። አዳራሹ ሳቀ።

ከጎኑ የተቀመጠ ባለመነጽር ማይኩን ተቀበለው። አፉን ሰብሰብ አድርጎ «ይህ ትዕይንት ትልልቅ ዳኞች የተደነቁበት ነው። ምናልባት አባታችን ደግመው ቢያዩት ይረዱት ነበር» አይለኝም? ደግሜ! በአንዱ ሞቼ፣ ደግሜ!

ይኼን ጊዜ ጥሩዬ ብድግ አለች። ሻሿን ፈታች። ፀጉሯ ገና አውራ ጣት ያህል እንኳ አላደገም። «እኔ ተረድቼዋለሁ» አለች። «ዳኞቹ ሳያዩት፣ አንተም ሳትተረጉመው፣ ከዳንግላ እዚህ ድረስ እያለቀስሁ ተረድቼዋለሁ። ይኸው።»

አንድም የሳቀ የለ። ባለመነጽሩ ማይኩን ለአለቃው ሊመልስ ዘረጋ፣ አለቃው አልቀበል አለ፣ እና ማይኩ መሐላቸው ላይ ቀረ። በመጨረሻ ልጁ ያለ ማይክ ተነሥቶ «እናቴ፣ ልክ ነዎት። አላወቅሁም ነበር» አለ።

«አልጠየቅሁም በል» አለችው።

«አልጠየቅሁም» አለ።

በማግስቱ ጥሩዬ ዳንግላ ገበያ ወጣች። ያለ ሻሽ ነው የወጣች። እና አሁንም ፊልሙን ድንቅ ነው፣ ረቂቅ ነው ይሉታል። ይበሉት! ረቂቅ ማለት የአገሩ ሰው የማይገባው ማለት ከሆነ፣ እኔም በእንቅልፌ የማወራውን ላሸልመው።

(እዚህ ላይ እኔ አላስቻለኝም። «አያ ቸኮል፣ ግን እኮ የካሜራው አያያዝ፣ የብርሃኑ አጣጣል...» ብዬ ላስረዳ ስጀምር፣ «አንተም ጀመረህ!» ብለው ዱላቸውን አነሡብኝ። እኔም ወሬውን ለማዞር «እሺ፣ ሌላ ፊልም ሠሪ መጥቶ ቦራውን አውሱኝ ቢልዎትስ?» አልኳቸው።)

እሰጠዋለሁ እንጂ! ለምን እከለክላለሁ? ብቻ እኔ ከላዩ አልወርድም።

(ብለው ሳቁ፤ በዚያ ቀን ሲስቁ ያየናቸው ያኔ ብቻ ነው።)