በፈረስ ጭራ የታሰረች እብጠት

የሐምሌ ዝናብ የጀሞን መንገድ ጭቃ ሲያደርገው ሱሪውን ሳይሰበስብ የሚያልፍ የለም፤ ባለሥልጣንም ቢሆን ይሰበስባል። ጋሽ ኑሪ ግን ያን ጠዋት ከኮንዶሚኒየሙ በር ጀምሮ ሱሪያቸውን ጭቃው ላይ እየጎተቱ ነበር የሚሄዱት። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የልብስ ቁልፍና ክር የሚሸጡ፣ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ብትወድቅባቸው በአራት እግራቸው ድኸው የሚፈልጉ ቁጥብ ሰው፣ ሱሪያቸውን እንዲህ ለጭቃ ሲገብሩ ያየ ሰው መጠርጠር ነበረበት። የጠረጠረ ግን አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱን ጭቃ እያየ ነበር የሚራመደው።

ጉዱ የወጣው ቦዩን ሲዘሉ ነው። ዘለሉ፣ ተንሸራተቱ፣ ቁጭ አሉ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ተሰበሰበ። ከኋላቸው ስትመጣ የነበረችው፣ ከእሳቸው በላይ ባለው ፎቅ የምትኖረው ነርስ አክሱማዊት ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች። ዐይኗ ግን እግራቸው ላይ ቀረ። ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብሎ ሽምብራ የምታህል ጠይም እብጠት አለች። ሥሯ ላይ ጥቁር ፀጉር ተጠምጥሞባታል፤ ዙሪያዋ ቀልቶ ደም ረግቶበታል።

«ጋሽ ኑሪ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል ልጄ፣ ጭቃ ነው።»

«ጭቃ በፀጉር ይታሰራል እንዴ?»

ጋሽ ኑሪ ሱሪያቸውን አወረዱ። ግራ ቀኝ ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የፈረስ ጭራ ነው። አደራ፣ ለባለቤቴ ለዙሌካ እንዳትነግሪ።»

እብጠቷ አዲስ አልነበረችም። ከአራት ዓመት በፊት አገር ቤት ሄደው እሾህ ከወጋቸው በኋላ ነው ብቅ ያለችው። አላሳከከቻቸው፣ አላመመቻቸው፤ እሳቸውም ረስተዋት ነበር። አምና ታላቅ ወንድማቸው ሬድዋን ሆዱ ውስጥ እብጠት ተገኝቶበት፣ ተቀዶ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው አረፈ። ለቅሶው ላይ አንዱ «ብረት ባይነካው ኖሮ ይኖር ነበር» አለ። ሌላው «ብረት ከነካው ምን ይተርፋል!» ብሎ አጸደቀ። ጋሽ ኑሪ ከዚያ ለቅሶ ሲመለሱ እብጠቷም አብራቸው የተመለሰች ያህል ሆነ። ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው በአንድ እጃቸው ክር ይለካሉ፣ በሌላው እሷን ይዳስሳሉ። መስጊድ ግቢ ከወዳጆቻቸው ጋር እግር መታጠቡንም ተዉ፤ እቤት በር ዘግተው ታጥበው፣ ካልሲያቸውን አጥልቀው ነው የሚወጡት።

ተያይዘው የታክሲ ሰልፍ ያዙ፤ ሰልፉ ረጅም ስለነበረ ክርክሩም ረዘመ።

«ማን ነው ያሰረልዎት?» አለች አክሱማዊት።

«ሃምዛ ነው፣ ባለጋሪው። ከገዛ ፈረሱ ጭራ መዝዞ። ኪንታሮት ነው፣ በአሥር ቀን ደርቆ ይወድቃል አለኝ።»

«ዛሬ ስንተኛ ቀኑ ነው?»

«አሥራ ስድስት።»

«እንግዲህ ፈረሱ መቁጠር አይችል ይሆናላ!»

ጋሽ ኑሪ ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ለመሆኑ ጋሽ ሃምዛ ኪንታሮት መሆኑን በምን አወቁ?»

«አይቶ ነዋ!»

«አንድ ሰው ሱቅዎ መጥቶ ‹ቁልፍ ስጡኝ› ቢልዎ ያገኙትን አንሥተው ይሰጡታል?»

«የት! ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው ባለ አራት? የኮት ነው የሸሚዝ? ሳልጠይቅማ እንዴት ብዬ!»

«ለሸሚዝ ቁልፍ ይሄ ሁሉ ጥያቄ ካለ፣ ለእግርዎ አንድም አይገባውም?»

ነጋዴ ሰው በገዛ ሚዛኑ ሲመዘን የደበቀውን ያወጣል። ጋሽ ኑሪም ዋናውን ነገር ተናገሩ።

«ስሚኝ ልጄ። ሐኪም ቤት ብሄድ ይቆርጡታል። ብረት ከነካው ደግሞ አለቀልኝ። ሬድዋንን አይተሻል።»

«የጋሽ ሬድዋን ነገር እኔንም ያመኛል። ግን ሐኪም ዘንድ የሄዱት መቼ ነበር?»

«እህል አልወርድ ሲለው።»

«ሕመሙ ከጀመራቸው ምን ያህል ቆይተው?»

«ዓመት... ዓመት አልፎት ነበር።»

«ታዲያ ጋሽ ኑሪ፣ ዓመት ሙሉ ሲበላቸው የኖረውን በሽታ ትተን አንድ ቀን የነካቸውን ብረት ነው የምንከሰው?»

ይህ ነገር አጥንት የሚነካ ነበር። ጋሽ ኑሪ ፊታቸውን አዙረው መንገዱን ማየት ጀመሩ። ሰልፉ ሦስት ሰው ያህል ከተጠጋ በኋላ፣ ወደ እሷ ሳይዞሩ፣ «ያ በሽታ ነው ቢሉኝስ?» አሉ። ካንሰር የሚለውን ስም መጥራት ፈርተው ነው። «እስካሁን ያቆመኝ አለማወቄ ነው። ካወቅሁ እወድቃለሁ።»

«አለማወቅዎማ ካልሲ አስለበሰዎት እንጂ መቼ አቆመዎት!»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ። ተምረሽ የለ? ምንም አይደለም በይኝና ልረፍ።»

አክሱማዊት ይህን ማለት አማራት። ሽማግሌ ሲለምን ማየት ቀላል አይደለም። ግን ራሷን ነቀነቀች። «በቆመ ሰልፍ ላይ፣ በቆሰለ እግር ላይ፣ አይቼ ምንም አይደለም ካልኩማ እኔም ጋሽ ሃምዛን ሆንኩ፤ የቀረኝ ፈረሱ ነው። ከመካኒሳ አለፍ ብሎ ዶክተር ኤልዳድ የሚባል የቆዳ ሐኪም አለ። ሐሙስ እንሂድ።»

«ክረምቱ ይውጣና...»

«ክረምቱ ይውጣና ካሉኝ ለእትዬ ዙሌካ እነግራለሁ።»

ማስፈራራት አላስፈለጋትም ነበር። የዚያን ዕለት ጋሽ ኑሪ ፈራ ተባ እያሉ ነገሩን ለሚስታቸው ሲጀምሩላቸው እትዬ ዙሌካ አላስጨረሷቸውም። «የመርዋ አባት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደም የነካው ካልሲ የማጥበው ማን መሰለህ? አንተ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ያለቅሁት እኔ ነኝ» አሉና እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው አንዱን ፍርሃት ተደባብቆ ሲሸከም ከርሟል። ፍርሃት ሲደበቅ የሚቀል የሚመስለን ብዙ ነን፤ እሱ ግን በየሰዉ ትከሻ ላይ ሙሉ ክብደቱን ነው የሚጭነው።

ሐሙስ ሦስቱም ሄዱ። ዶክተር ኤልዳድ ገና ወጣት ነው፤ ጋሽ ኑሪ ጢሙ አለመሙላቱን አይተው ተጠራጠሩ። ሐኪሙ የፈረሱን ጭራ በትንሽ መቀስ በጥሶ ቁስሉን አጠበ። ከዚያ ጥያቄውን አወረደው። መቼ ጀመረች? አድጋለች? ቀለሟ ተለውጧል? ሳትታሰር በፊት ደምታ ታውቃለች? ጋሽ ኑሪ እየመለሱ በልባቸው፣ «ይሄስ እንደኔው ነው፤ ሳይጠይቅ አይሰጥም» አሉ። ቀጥሎ መብራት ባለው ማጉያ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አያት። እትዬ ዙሌካ ወንበሩን ጨበጡ።

«አባቴ፣ ይመልከቱ» አለና ሐኪሙ ቆዳውን በሁለት ጣቱ ግራና ቀኝ ይዞ ቀስ አድርጎ ጨመቀ። ጋሽ ኑሪ ወደ ላይ ትፈናጠራለች ብለው ሲጠብቁ፣ እብጠቷ ወደ ውስጥ ሰርጎድ አለች።

«እንዴ!» አሉ፣ ፍርሃታቸውን ለአፍታ ረስተው። «ከታች በክር እንደተያዘች ቁልፍ! ጨርቁን ከጎን ብትሰበስበው ክሩ ወደ ውስጥ ይጎትታታል።»

«ከእኔ መምህር የበለጠ አስረዱት» አለ ዶክተር ኤልዳድ እየሳቀ። «ቆዳ እሾህ ሲወጋው ወይም ተባይ ሲነክሰው፣ ቁስሉን ልጠግን ብሎ አንዳንዴ ክር ያበዛል። የበዛው ክር ተቋጥሮ ጠንካራ እብጠት ይሆናል። ደርማቶፋይብሮማ እንለዋለን። ብዙ ጊዜ እግር ላይ ይወጣል፤ ቆዳው ላይ የተሰፋ ይመስላል፤ ሲጨመቅ ይሰረጉዳል። ክፉ አይደለም።»

ጋሽ ኑሪ ትንፋሻቸውን ሊለቁ ሲሉ ሐኪሙ «ግን» አለ።

«ያልታሰረች ብትሆን አይቼና ዳስሼ ብቻ ባሰናበትኩዎት ነበር። አሁን ቆስላለች፣ ደምታለች፣ መልኳ ተበላሽቷል። እርግጠኛ ለመሆን ትንሽ ናሙና ወስደን ላቦራቶሪ ማስመርመር አለብን።»

«በብረት?»

«በብረት።»

ጋሽ ኑሪ ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ወደ አክሱማዊት። የተናገሩት እትዬ ዙሌካ ናቸው። «ይንካው። የማላውቀው ነገር እግርህ ላይ ተቀምጦ እኔን ሲበላኝ ከሚኖር፣ ይንካው።»

ውጤቱ አሥር ቀን ፈጀ። በእነዚያ አሥር ቀናት ጋሽ ኑሪ ቀይ ክር ለጠየቀ ሰማያዊ ሰጡ፤ ለሙሽራ ቀሚስ የጥቁር ኮት ቁልፍ ቆጥረው ጠቀለሉ። ስልካቸው በጮኸ ቁጥር ልባቸው ቀድሞት ይጮሃል። «ብረት ነክቶኛል» ይላሉ ለራሳቸው፣ ቁስሉን እየዳሰሱ። ቁስሉ ግን ምንም ሳይል ይድናል።

በአሥረኛው ቀን ዶክተር ኤልዳድ ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበላቸው። የክር ቋጠሮ ናት፤ ካንሰር አይደለችም።

«እንግዲህ ጨርሰህ ቁረጣት» አሉ ጋሽ ኑሪ፣ በድንገት ጀግና ሆነው።

«ካላስቸገረችዎ ለምን? ጠባሳው ከእሷ ይብሳል። ትኑር። ነገር ግን አንድ አደራ አለኝ። ሰው ሁሉ እግሩን እየቆነጠጠ ራሱን ሐኪም እንዳያደርግ። ቶሎ ቶሎ የሚያድግ፣ ሳይነኩት የሚደማ፣ ቀለሙና ጠርዙ የሚለዋወጥ፣ ይልቁንም ውስጥ እግር ላይ ወይም ጥፍር ሥር የሚወጣ ጥቁር ነጥብ ካዩ፣ ሳይውል ሳያድር ይዘውት ይምጡ።»

በቀጣዩ ዓርብ ጋሽ ኑሪ ካልሲያቸውን አውልቀው መስጊዱ ግቢ፣ ከወዳጆቻቸው መካከል ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት፣ ተቀመጡ። አጠገባቸው ባለጋሪው ሃምዛ ነበር።

«ኑሪ! ፈረሴ አዳነህ አይደል?»

«ፈረስህማ ሐኪሙን ሊያሳስተው ነበር» አሉና ነገሩን ከነመሰርጎዱ አሳዩት። ሃምዛ ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ግራ እግሩን አንሥቶ ውሃው ሥር አደረገ። ውስጥ እግሩ ላይ የኮት ቁልፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች፤ ጠርዟ እንደተቀደደ ጨርቅ ተንጨባሯል።

የጋሽ ኑሪ እጅ ቧንቧው ላይ ቀረ። «ይቺስ?»

«ምስማር ረግጬ ነው፣ አምና።»

«አድጋለች?»

«ትንሽ።»

«መልኳስ ተለውጧል?»

«እኔ እንጃ፣ ውስጥ እግሩን ማን ያያል? ደግሞ ምነው፣ ሐኪም ሆንክ? እሺ፣ ክረምቱ ይውጣና እሄዳለሁ። ብረት እንዳያስነኩኝ ብቻ።»

ጋሽ ኑሪ ይህን ዓረፍተ ነገር ያውቁታል፤ ከገዛ አፋቸው የወጣ ነበር። «ስማኝ ሃምዛ። ምን እንደሆነ አላውቅም። አንተም አታውቅም። ፈረስህም አያውቅም። ደህና ከሆነ ከፍርሃት ትገላገላለህ፤ ክፉ ከሆነም ሳይሰፋ ይደረስበታል። ሬድዋንን የበላው ብረት አይደለም፤ ዛሬ ነገ ማለታችን ነው። ሰኞ እንሄዳለን።»

«አንተ ሱቅህን ዘግተህ?»

«ዘግቼ።»

ሰኞ ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሃምዛ እንደ ወትሮው አይቀልድም፤ ጫማውን አጥብቆ ያስራል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ያስራል።

«ምን ይሉኝ ይሆን?»

«መጀመሪያ ይጠይቁሃል» አሉ ጋሽ ኑሪ። ከዚያ በኋላ ያለውን እሳቸውም ስላላወቁ፣ የሃምዛን ክንድ ያዙ።

በሩ ተከፍቶ የሃምዛ ስም ሲጠራ ሁለት ሰው ተነሣ።