መምህር ደምሴ የተሸከሙት ድንጋይ

በዚህ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ዋናው ነገር የተፈጸመው ከ1987 እስከ 1995 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው።

መምህር ደምሴ ሸዋንግዛው ከአባታቸው ከአቶ ሸዋንግዛው ኃይሌና ከእናታቸው ከወ/ሮ አበራሽ ተክሌ በቀወት በ1950 ዓ.ም. ተወልደው፣ የመምህርነት ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ በሸዋ ሮቢት ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ከወ/ሮ ጌጤ ዓለሙ ጋር ጋብቻ መሥርተውም ሳምራዊትንና ደረጄን አፍርተዋል።

በ1987 ዓ.ም. ወዳጃቸው አቶ ሷሊሕ የማሽላ ማሳቸውን ሲያጸዱ ያገኙትን፣ ጥቁር ቅርንጫፍ የታተመበት የሚመስል ጠፍጣፋ ድንጋይ ባመጡላቸው ጊዜ፣ በየብስ ላይ መጀመሪያ የበቀሉት ዕፅዋት ቅጠልም ሥርም ያልነበራቸው፣ ግንዳቸው እንደ ባላ ለሁለት የሚከፈል እንደነበሩ አንብበው ነበርና፣ የእነዚያን አሻራ ያገኙ መሰላቸው፤ ስምንት ዓመትም አስተማሩበት።

በ1995 ዓ.ም. ድንጋዩን አዲስ አበባ ወስደው ለአንድ የሥነ ምድር ባለሙያ ቢያሳዩ፣ ቅርንጫፍ የመሰለው በውኃ የሰረገ ማዕድን በስንጥቁ ውስጥ የሣለው እንጂ ዕፅ እንዳልሆነ፣ ድንጋዩ የተገኘበት የይፋት ዐለትም ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ዕድሜው ከእነዚያ ዕፅዋት እጅግ ያነሰ እንደሆነ፣ ጥንታዊው ማስረጃም በሌላ አገር ዐለት ውስጥ የተገኘ፣ በዓይን የማይታይ የዘር ብናኝ መሆኑን ተረዱ።

የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መለመኑ የአገራችን ወግ ነውና፣ ያንኑ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው በተማሪዎቻቸው ፊት ቆሙ። «ቲቸር፣ መጁን ከማን ወፍጮ ሰረቁት?» ብሎ የቀለደ ነበር፤ እርሳቸው ግን ስሕተታቸውን አስረድተው እስኪጨርሱ አላወረዱትም። ቀድሞ ያስተማሯቸውንም በየቤታቸው እየፈለጉ አረሙ። ከሁሉ ይልቅ ድንጋዩን ይወድ የነበረው የቀድሞ ተማሪያቸው ፍቅሩ ግን ወደ ጦር ግንባር ዘምቶ መርዶው ደርሶ ነበርና፣ እናቱ እትዬ ከበቡሽ ዘንድ ሄደው ተንበረከኩ። እትዬ ከበቡሽም «ጋሼ ደምሴ፣ ልጄ እንኳን በእርስዎ በማንም ቂም አልያዘም፤ ያውርዱት፣ አንገትዎን!» ብለው በገዛ እጃቸው አነሡላቸው። መምህር ደምሴ ግን ይቅርታው ከባለቤቱ አፍ ባለመምጣቱ እስከ መጨረሻው አልተጽናኑም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2006 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና በየአገሩ ያሉ ተማሪዎቻቸውን በሐዘን ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ የፍቅሩንም እንዲሁ፤ መምህር ደምሴ ከዓመታት በኋላ ከአንድ ተመላሽ ወታደር እንደ ሰሙት፣ ፍቅሩ ምሽግ ሲቆፍር ከጉድጓዱ የሚወጣውን ድንጋይ ሁሉ እየገለበጠ ያንን ቅጠል አልባ ቅርንጫፍ ይፈልግ ነበር።