የጎደለው ሦስት ሊትር ዘይት

ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ባለቤታቸው እትዬ ተናኘወርቅ፣ የጋራዣችን ጌታ አቶ ሙሐሲን፣ ባልደረቦቼ፤ እንኳን ለጋሼ የጡረታ መሸኛ በሰላም ተገናኘን።

በ1985 ዓ.ም. ጋሼ እዚህ ዲላ የመጡ ቀን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ነበር። ከአዲስ አበባ የተላኩ ተቆጣጣሪ መስለውን ወንበር አቀረብን፣ ለስላሳ ከፈትን። ጠጥተው ሲጨርሱ "ቱታዬን የት ልቀይር?" አሉን። ከዚያ ወዲህ ለስላሳ የከፈተላቸው የለም።

ጠባያቸውን ታውቃላችሁ። ዘይት በጣታቸው ነክተው ያሸታሉ፤ ተቃጥሏል ካሉ ተቃጥሏል ነው። እትዬ እንደነገሩኝ ወጡንም ሳያሸቱ አይጎርሱም።

ካምቢዮአቸው ውስጥ ሞተሩን ከማርሹ የሚያያይዝ ጥንድ ፍሪሲዮን ያላቸው አውቶማቲክ መኪኖች ሲመጡ ግን ሁላችንም እንደገና ተማሪ ሆንን። አንዱ ፍሪሲዮን አንደኛ ማርሽን ሲይዝ ሌላው ሁለተኛን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጋሼ እንዲህ አስተማሩን፦ "ደረቁን ፍሪሲዮን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፤ ለቀላል መኪና ይበቃል፣ ዳገት ላይ ሲንፏቀቅ ግን ይግላል። እርጥቡ ደግሞ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ሸክም ይችላል፤ ዘይቱን የነፈግከው ቀን ግን አለቀ።"

እኔ በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት። በ2006 የአንድ የወርቃ ቡና ነጋዴ መኪና መጣ። እስከዚያ ድረስ የሠራሁት ደረቁን ብቻ ነበር። እርጥቡን ገጠምኩና በደረቁ እንደለመድኩት ለማርሹ ብቻ የሚበቃ ሁለት ሊትር ዘይት ጨምሬ ዘጋሁት። የሚፈልገው አምስት ነበር። ወናጎ ሳይደርስ ዳገቱ ላይ ፍሪሲዮኑ ነደደ።

ነጋዴው እየተቆጣ መጣ። አቶ ሙሐሲንም ያበላሸውን ሰው ዛሬውኑ አሰናብታለሁ አሉ። ሁለተኛ ልጄ በተወለደች በአሥር ቀኗ ነው። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "የሞላሁት እኔ ነኝ" አሉ።

አቶ ሙሐሲን ጋሼን ማባረር ከበዳቸውና ወር ሙሉ ጎማ እንዲፈቱ አደረጓቸው። ደንበኛው ሁሉ "ሽማግሌው ደክሟል" ማለት ጀመረ። ለብቻችን ስንሆን ይቅርታ ብጠይቃቸው፣ ና እርጥቡን እንደገና ፈትተን እንየው አሉኝ።

አቶ ሙሐሲን፣ ዘይቱን ያጎደልኩት እኔ ኃይለኢየሱስ ነኝ። የሚያደርጉኝን ነገ ያድርጉኝ፤ ዛሬ የጋሼን ስም ልመልስ።

ጋሼ፣ እኔ ልጆቼን ሳሳድግ እርስዎ ሐሜቱን ተሸከሙልኝ። አባቴ ነዎት፤ እወድዎታለሁ። ከእትዬ ጋር ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት።

እስቲ ብርጭቋችሁን አንሱልኝ። በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ካምቢዮ ላላበላሹት ለጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ!