ቅቤ የጠገበው የሲሚንቶ ገብስ

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ስንሄድ የአውቶቡሱ ሞተር ግሎ፣ ውሃ ሊጨመርለት መንገድ ዳር ከተሠራው ትልቅ የሲሚንቶ ገብስ ሐውልት አጠገብ ቆመ። ከፊቴ የነበሩት ሴትዮ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ለመውረድ ተነሡ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ሳቁባቸው።

«ወዴት ነው እቴ? ገብሱን ልትቀቢ እንዳይሆን?»

«አዎ አያ። ልጄ ጦር ግንባር ነው ያለው።»

«የወረዳው ካድሬ ለአብዮቱ ያቆመውን አንቺ አድባር አደረግሽው?»

«እኔ ብቻ ነኝ? ያ አናቱ ላይ የሚያብረቀርቀው የማን ቅቤ መሰለዎ? የካድሬው ሚስት ናት የቀባችው።»

«ወላሂ? ባሏ ያውቃል?»

«ታዲያ መሰላሉን ማን የያዘላት ይመስልዎታል?»

«ኧረ ጉድ ነው! ይሄ እኮ ጠላ እንኳን የማይወጣው ገብስ ነው። ወፍ ሊለቅመው መጥቶ አፉን አሞት ሄደ።»

«ይሳቁ። አምና ውርጭ ወርዶ የአገሩን ገብስ ሁሉ ሲጨርሰው ይሄ ንቅንቅ አላለም። ውርጭ ያልደፈረው፣ ልጄን ለጥይት አሳልፎ ይሰጥብኛል?»

ሴትዮዋ በሩ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው ጠሯቸው።

«እቴ! ለእኔም ልጅ ትንሽ ቅቢለት። ስሙ ይመር ነው።»

«አሁን ሲስቁብኝ አልነበር?»

«የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ምን አደረገ?»

እኔም የዘማች ወንድሜን ስም ለሴትዮዋ መናገር አፍሬ፣ እጃቸው ገብሱን ሲነካ በሆዴ ጠራሁት።